ስህተቱን በላጲስ አታጥፉብኝ

ሰላም ውድ አንባቢዎቼ። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። ትምህርት ቤቱ በከፊል ተዘግቷል። ልጁ አንድ ቀን ይማራል፣ በማግስቱ ቤት ይውላል። ቤት በሚውልበት ቀን ምን እናድርግ? ነው ጥያቄው። አራቱን መርጫለሁ። 24 ዓመት ታች ክፍል አስተምሬያለሁ። ከኮቪድ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ክፍሌን ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ እያስተማርኩ የከረምኩበትን ጊዜ አልረሳውም። የምመልሰው ከዚያ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። አንዱ ህንፃ ለእድሳት ስለተዘጋ ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍለዋቸዋል። የእኔ ልጅ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይሄዳል። ማክሰኞና ሐሙስ ቤት ነው። ለእነዚህ ቀኖች የሚሠራው ወረቀት ይሰጡታል። እኔ ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አብረን እንቀመጣለን። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጮሃለሁ። «አንቺ እኮ ቲቸር አይደለሽም» ይለኛል። መጨረሻ ላይ መልሱን እየነገርኩት ይጽፈዋል። ባዶ ወረቀት መላክ ያሳፍረኛል። ልጄ ወደ ኋላ ሊቀርብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ሁለት ሰዓት ወደ 20 ደቂቃ አውርጂው። የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ መሽቶ፣ ደክሞት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ አይማርም። አንቺም ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ የመጣሽ ሰው ነሽ። 10 ደቂቃ ሒሳብ ይሥራ። 10 ደቂቃ ድምፁን አውጥቶ ያንብብልሽ። ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀቱ አላለቀም ብለሽ አትጨነቂ፣ አቁሙ። ያቆመበት ቦታ ላይ «20 ደቂቃ ሠራ፣ እዚህ ደረሰ» ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። መምህሩ ወይም መምህርቷ ይህን ሲያዩ ይደሰታሉ እንጂ አይቆጡም። ወረቀቱ በዝቶ እንደሆነም የሚያውቁት እንዲህ ስትጽፊላቸው ነው።

አሁን ከልቤ ልነግርሽ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። መልሱን አትንገሪው። እባክሽ።

በዚያ በፈረቃ ባስተማርኩበት ዓመት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቤት ሠርቶ የሚያመጣው ወረቀት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሁሉም ትክክል፣ ሁሉም የተስተካከለ። እኔም «በርታ» እያልኩ አልፈዋለሁ። ጊዜዬን ሌሎቹን ለመርዳት አዋልኩት። አንድ ረቡዕ ሰሌዳ ላይ አወጣሁትና 52 ሲቀነስ 27 ጻፍኩለት። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ቆይቶ 35 ብሎ ጻፈ። ጎበዝ እያልኩ ስድስት ሳምንት ያሳለፍኩት ልጅ ሲቀንሱ ከአስር ቤት መበደርን ጨርሶ አልተማረም ነበር። ወረቀቶቹን መለስ ብዬ ሳይ በየቦታው በላጲስ የተፋቀ ምልክት አለ። ትክክለኛው መልስ የተጻፈው ከዚያ በላይ ነው። እናቱ ክፉ አልነበረችም። እንዳንቺው ስለፈራች ነው። እኔም ላጲሱን ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

እስቲ ያንን 35 ልብ በይልኝ። እንዲያው በግምት የተጻፈ ቁጥር አይደለም። ልጁ በአንድ ቤት ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። 5 አገኘ። በአስር ቤት ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 አገኘ። 35። «ትልቁ ከየትም ይምጣ፣ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ» የሚል የራሱ ሕግ አለው ማለት ነው። በየአገሩ ብዙ ልጆች ይህንኑ ሕግ ለራሳቸው ያወጣሉ። መምህሩ 35ን ባየ ቅጽበት ምን ማስተማር እንዳለበት ያውቃል። አሥር አሥር እንጨት አስሮ፣ አንዱን እስር ፈትቶ ማሳየት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። 35ቱ ተፍቆ 25 ከተጻፈ ግን መምህሩ ምንም የሚያየው ነገር የለም። ልጁም ያንን ሕግ ይዞ 3ኛ ክፍል ይገባል።

ስለዚህ ልጅሽ ሲሳሳት ተይው። ካላወቀ ባዶ ይተወው፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ያድርግ። ባዶ ወረቀት ያሳፍረኛል ብለሻል። አያሳፍርም። ለእኔ ለአስተማሪዋ ከሞላው ይልቅ ባዶው ብዙ ይነግረኛል።

«ቲቸር አይደለሽም» ማለቱ አንቺን መናቁ አይደለም። ቲቸሩ ሌላ፣ እናቱ ሌላ እንዲሆኑለት ነው የፈለገው። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱን ትምህርት ለትምህርት ቤት ተዪው። ቤት የተማረውን የሚያጸናበት ቦታ ይሁን። ይህ ደግሞ ትንሽ ሥራ አይምሰልሽ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ ማስታወስ ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን እንደሆነ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና፣ ራሱን እየፈተነ ነው ያንን ያገኘው። መልሶ መላልሶ ሲያጠና ደግሞ የሚረሳው እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ የልጅሽን ፕሮግራም አስቢው። ሰኞ ይማራል። ማክሰኞ ማታ አንቺ «ትናንት ምን ተማራችሁ? አንድ አሳየኝ» ትይዋለሽ። ረቡዕ መምህሩ ይደግመዋል። ሳትደክሚ ሦስት ጊዜ አገኘው። ተቸገርንበት ያልነው አንድ ቀን ዘሎ አንድ ቀን፣ ለዚህ ለዚህ ምቹ ነው።

ወደ ኋላ ይቀራል የሚለውን ስጋትሽን አላቃልለውም። ልጄ ባትሆንም ልቤ የሚሰጋላት ስንት ተማሪ ነበረችኝ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲበረታ፣ ዩኔስኮ እንዳለው ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ያን ጊዜ ወራት ሙሉ ደብተር ያልነኩ ልጆች ተመልሰው ሲመጡ ተቀብያቸዋለሁ። ማንበብ ሳይቋረጥ የቆየላቸው ልጆች ሌላውን ለመያዝ ብዙ አልተቸገሩም። ማንበብ የተቋረጠባቸው ግን የሒሳቡን ጥያቄ እንኳ አንብበው መረዳት አቃታቸው። ስለዚህ በጣም የደከመሽ ማታ አንዱን መዝለል ካለብሽ ሒሳቡን ዝለይው። ንባቡን አትዝለይ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ስልክ ግን አንድ ነው። ትልቋ 5ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ በቤት ቀኖች ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል። ደጋግማ ታያለች። «ገባሽ?» ስላት «ገብቶኛል አባዬ» ትላለች። ፈተና ላይ ግን ባዶ ናት። ትዋሸኛለች ማለት ነው? ለታናናሾቿስ ስልኩን እንዴት ላብቃቃ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ አልዋሸችም። ደጋግሞ ያዩት ነገር የገባ ይመስላል። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ስትመጣ «ይቺንማ አውቃታለሁ» ያሰኛል። ሲዘጋ ግን ማውጣት ያቅታል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አይተዋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከዘጋው በኋላ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው የጻፉት በለጡ።

ለእርስዎ ቤት ይህ መልካም ዜና ነው። ስልኩ ለረጅም ጊዜ አያስፈልግም ማለት ነው። ልጅቷ ቪዲዮውን አንዴ ትየው። ስልኩን ለታናሿ ትስጥ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ይዛ ትቀመጥና የምታስታውሰውን ሁሉ ትጻፍ፣ ትሳል። ሲጎድላት «ቪዲዮውን ልየው» ትላለች። አሁን አይሆንም ይበሏት፣ መጀመሪያ ጨርሺ። በኋላ ስልኩ ሲመለስላት የጎደላትን ፈልጋ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ትሙላ። በሁለተኛው ቀለም የተሞላው ነው ማጥናት ያለባት። ያንን ወረቀት ለመምህሯ እንዳለ ትስጥ፣ በንጹሕ እንዳትገለብጠው።

«ገባሽ?» የሚለውን ጥያቄም ይተዉት። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ፣ «አልገባኝም» ብሎ እጁን ያወጣ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። «ለትንሹ ወንድምሽ አስረጂው» ይበሏት። እሱ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። የቅርብ ጓደኛዋ የሌላኛው ቡድን ስለሆነች መገናኘት አልቻሉም። ትምህርት ቤት መሄድ አስጠልቷታል። ይህ የሚያስጨንቅ ነገር ነው ወይስ ይተዋታል?

መልስ፦ ያስጨንቃል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለጓደኛውም ጭምር ነው። መጀመሪያ መምህሯን ያነጋግሩ። ቡድን ማቀያየር ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ወላጅ ካልነገረን ግን ማን ከማን ጋር እንደተለያየ አናውቅም።

ካልተቻለ አንድ ነገር ልንገርዎ። በዚያ ዓመት አንድ ቀን ጠረጴዛ ሳጸዳ ከመሳቢያው አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት አገኘሁ። ሰኞ እዚያ የምትቀመጠው ልጅ ማክሰኞ እዚያው ለምትቀመጠው ጓደኛዋ የጻፈችው ነው። «ትናንት ዝናብ ስለነበር አልወጣንም። አንቺስ?» ይላል። ከሥሩ መልስ አለ። ከመልሱ ሥር ደግሞ ሌላ። ሁለቱ ለሳምንታት ሲጻጻፉ ከርመዋል፣ እኔ አላየሁም። አንዷ በግድ ነበር ሦስት መስመር የምትጽፍልኝ። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት። በማግስቱ ለመላው ክፍል፣ በየወንበራችሁ ለሚቀመጠው ልጅ ደብዳቤ ጻፉ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እየሮጡ የሚገቡት መሳቢያቸውን ለማየት ነበር። ይህን ለመምህሯ ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ይህን የምትጽፍልኝ የሰፈር ልጅ ናት፣ እኔ ማንበብና መጻፍ አልችልም። የልጅ ልጄ 1ኛ ክፍል ናት። ወላጆቿ ሥራ ሲውሉ ቤት በምትውልበት ቀን ከእኔ ጋር ናት። ፊደል ትቆጥራለች፣ ልክ ትሁን ስህተት እኔ በምን አውቃለሁ? ልጅቷን እየጎዳኋት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፍጹም አልጎዷትም። እንዲያውም አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚሰማት ሰው በማግኘቷ ዕድለኛ ናት።

መጀመሪያ ስለ ፊደሉ። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ። ብዙ ልጆች ይህን እንደ ዘፈን ከላይ እስከ ታች ይወጡታል። ዜማውን ነው የያዙት፣ ፊደሉን ላይለዩት ይችላሉ። ይህን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግዎትም፣ ዓይንና ጆሮ ይበቃል። ከመሃል አንዱን በጣትዎ ይጠቁሙና «ይህቺ ማን ትባላለች?» ይበሏት። ስሙን በልብዎ ይያዙት። በሚቀጥለው የቤት ቀን ያንኑ ይጠቁሙ። ባለፈው «ተ» ያለችውን ዛሬ «ቀ» ካለች አልለየችውም ማለት ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ልጅ ያሳስታሉ። ሌላም አለ። መጽሐፉን ገልጠው «እንደዚህች ያለችውን ከዚህ ገጽ ፈልጊልኝ» ይበሏት። መልኳ አንድ መሆኑን እርስዎ አይተው ይፈርዳሉ።

ሁለተኛ፣ ታንብብልዎት። በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ። ሲሰሙት ትርጉም ካልሰጠዎት «አልገባኝም ልጄ፣ ድገሚልኝ» ይበሉ። አንድ ፊደል ስታ ካነበበች ዓረፍተ ነገሩ ይጣመማል፣ እርስዎም ይሰሙታል። ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆን ቶሎ ብሎ ያርማት ነበር። እርስዎ ግን ራሷ ተመልሳ እንድታየው ያደርጓታል። ስትጨርስ «ከዚያስ? ለምን እንዲያ አደረገ?» ብለው ይጠይቋት። እርስዎም የሚያውቁትን ተረት ይንገሯት። ከእርስዎ የሰማችውን ቃል ነገ መጽሐፍ ላይ ስታገኘው ቶሎ ታውቀዋለች።

የተጣመመው ቃል ደግማ አንብባውም አልቃና ካለ ይተዉት። እርሳስ ይስጧትና ከሥሩ መስመር ታስምርበት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ መምህሯ ደብተሯን ትገልጣለች። ከዚያች መስመር ትጀምራለች።