መልስ፦ አዲስ የብስክሌት ካላማዳሪ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበሳል?

በቀየርኩት በሳምንቱ መልሶ ይተነፍሳል ላልከው፣ ሌላ ከመግዛትህ በፊት የተበሳው የቱ ጋ እንደሆነ እይ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለው ንፋስ አንሶት በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጧል። ለ25 ሚሊ ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ80 እስከ 90 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ቀጭን ጎማ ሳይበሳም ንፋስ ስለሚያጎድል ከመውጣትህ በፊት በመለኪያ እየው፤ በጣት መጫን አያስተማምንም።

ቀዳዳው በራጂው በኩል ከሆነ ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ተንሸራቷል፣ ቀይረው።

በአስፋልቱ በኩል ከሆነ ግን የወጋው ነገር እዚያው ጎማው ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት፣ በዓይን አትታይም። የጎማውን ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ ጥረገው፤ ጨርቁ ያዝ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ናት፣ በፒንሳ ንቀላት። ሲገጠም የጎማው ጽሑፍ ከቫልቩ ትይዩ ይሁን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀዳዳውን ከጎማው ጋር ለማመሳከር ይቀልሃል።