ክላሚዲያ «ተገኝቷል» ወይስ «ያስጠረጥራል»?

ጥያቄ፦ ለታካሚዎች የሚታደል ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በፓፕ ምርመራ (ከማህፀን በር ሴሎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ በሚታዩበት ቅድመ ምርመራ) ወቅት ከክላሚዲያ፣ ማለትም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ባክቴሪያ፣ ጋር ሊያያዙ የሚችሉ የሴል ለውጦች እንደሚታዩ ይናገራል። «በማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ክላሚዲያ ተገኝቷል» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። «ተገኘ» ካሉ ባክቴሪያው ራሱ እጅ ከፍንጅ ተይዟል ማለት ነው፤ በፓፕ ስላይድ (ሴሎቹ በሚቀቡበት መስታወት) ላይ የሚታየው ግን ቢበዛ ዱካው ነው። ከሴል ወደ ሴል የሚተላለፈው የክላሚዲያ አካል መጠኑ 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት ያዳግታል። መርማሪው የሚያየው በሜታፕላስቲክ ሴሎች (ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት በመለወጥ ላይ ባሉ ሴሎች) ውስጥ የተፈጠሩ ክፍተቶችን፣ አንዳንዴም በክፍተቶቹ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን፣ በዙሪያቸውም የተሰበሰቡ ነጭ የደም ሴሎችን ነው። ንፍጥ ያዘለ ወይም መፈራረስ የጀመረ ሴልም ይህንኑ መልክ ይይዛል። ቤተስዳ የሚባለው የፓፕ ውጤት አጻጻፍ ሥርዓት እንደ ትሪኮሞናስ፣ ካንዲዳ፣ አክቲኖማይሲስና ሄርፒስ ያሉ ተህዋስያንን ዘርዝሮ ክላሚዲያን የተወውም በስላይድ ብቻ መለየቱ አስተማማኝ ስላልሆነ ነው።

«ያመለክታል»ም ይከብዳል፤ አንባቢ እንደ ማረጋገጫ ይወስደዋል። እኔ የምመርጠው «የሚያስጠረጥር»ን ነው። ከ«የሚያጠራጥር» ጋር ግን እንዳያምታቱት፦ «የሚያጠራጥር ለውጥ» ካሉ አጠያያቂ የሚሆነው ለውጡ ራሱ ነው። እንዲህ ቢሉ ይሻላል፦ «ክላሚዲያን የሚያስጠረጥር የሴል ለውጥ ታይቷል፤ መኖር አለመኖሩ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።» በተቃራኒውም «አልታየም»ን «የለም» ብለው አይተርጉሙ፤ የፓፕ ውጤቷ ደህና የሆነ ሴት ክላሚዲያ ሊኖርባት ይችላል። በውጤቱ ላይ የሚጻፈው «መቆጣት» (ኢንፍላሜሽን)ም «ኢንፌክሽን» አይባልም፤ ያለ ተህዋስያን የሚመጣ መቆጣት ሞልቷል።

የማረጋገጫው ምርመራ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ነው። ለሴቶች የሚመረጠው ናሙና ከብልት በጥጥ ዘንግ የሚወሰደው ቢሆንም ሽንትም ያገለግላል። ትርጉም በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የመጀመሪያ ሽንት» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢዋ የጠዋቱን ይዛ ትመጣለች፤ የተፈለገው ግን በየትኛውም ሰዓት ሽንት መውረድ ሲጀምር የሚወጣው ነው። ስለዚህ ዘርዘር ያድርጉት፦ «ቢያንስ ለ1 ሰዓት ሽንት ሳይሸኑ ይቆዩ፤ ብልትዎን ሳይጠርጉ ገና ሲጀምር የሚወጣውን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ በዕቃው ይቀበሉ፤ የቀረውን ሽንት ቤት ይጨርሱ።» «ብቻ» የምትለውን ቃል አይዝለሏት፤ ዕቃው ጢም ብሎ ከሞላ ናሙናው ይቀጥንና ባክቴሪያው እያለ ሊያመልጥ ይችላል።