ቀንዳሙ የስኳር ድንች ትል

ጥያቄ፦ ሸዋሮቢት ካለው የስኳር ድንች ማሳዬ፣ ከበስተኋላው ቀንድ ያለው ጣት የሚያክል አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ይናደፋል? ኋላስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ አይናደፍም፤ ቀንዱ መርዝ የለውም። ስኳር ድንች ላይ የሚያዘወትረው አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የተባለው ትልቅ የእሳት እራት ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እናቲቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ እንቁላሎቿን ቅጠል ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። ትሉ 3 ሳምንት ገደማ በልቶ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ቡናማም ስለሚሆን በቀለሙ ብቻ አይለዩት። ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ሳይበላ የሚቆይ ቡናማ ፑፓ (ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል፤ ጥሩ መለያው ይሄ ነው፦ እንደ ጀበና እጀታ የታጠፈ የምላስ ሽፋን አለው። ግራጫዋ የእሳት እራት ሆዷ ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበት አላት። ቀለበቱ ቢጫ ሆኖ ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል ምስል ካዩ ሌላ ዝርያ ናት።

ከሐረጉ ሥር ትልልቅ ኩስ ሲያዩ ከበላዩ ፈልገው በእጅ ይልቀሙ። ለጥቂት ትል መድኃኒት አይርጩ፤ ትሉን የሚገድሉ ጥቃቅን ተርቦችንም ያጠፋል። ከምርት በኋላ ማረስ ፑፓውን ለወፎች ያጋልጣል።