ኬብል ተስቦም ሜሹ በአየር የሚገናኝበት ምክንያት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጂ+3 የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ ጠያቂ ሦስት መሣሪያዎች ያሉት ሜሽ ዋይፋይ (መሣሪያዎቹ እየተቀባበሉ አንድ ዋይፋይ በየፎቁ የሚያዳርሱበት) ገዝተው ነበር። ዋናው ታች እንግዳ መቀበያው ጋር፣ ሁለቱ ቅርንጫፎች አንደኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚወርድ ኬብል አስዘረጉ፤ ኬብሎቹ በሙሉ ታች ካለው ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኬብሎች ከሚያካፍለው ሣጥን) ላይ ተሰክተዋል፣ ስዊቹ ደግሞ ከፋይበር ሞደሙ ጋር ተገናኝቷል። ሆኖም በስልካቸው ያለው የሜሹ መተግበሪያ ቅርንጫፎቹን አሁንም «በገመድ አልባ የተገናኙ» ይላቸዋል። ከስዊቹ ጋር የተያያዘው ፕሪንተር በዋይፋይ ለሚሠሩት ሠራተኞች አይታይም። የሚከፈለው ለ200 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ በቀጥታ በኬብሉ ሲሰካ ፍጥነቱ 94 ላይ ይቆማል፤ አንደኛ ፎቅ ግን 190 ይደርሳል። በመጨረሻም ግቢው ጥግ ላይ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ኬብል መሳብ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ኬብሉ አልባከነም፤ እንዲያውም ከባዱ ሥራ አልቋል። ብዙ ሰው ግድግዳ ላለመሰርሰር ሲል አራተኛና አምስተኛ መሣሪያ እየጨመረ ገንዘቡን ያባክናል። በአየር የሚገናኝ ሜሽ ከታች የደረሰውን ሞገድ ተቀብሎ ነው የሚያድለው፤ ፌሮ የታሰረበት ሶሌታ ደግሞ በተለይ የ5 ጊጋኸርዙን ሞገድ ክፉኛ ያዳክመዋል። ቅርንጫፉ ከእንግዳው ስልክም ከዋናውም ጋር የሚነጋገረው በአንድ ሬዲዮ ከሆነ፣ የተረፈችው ፍጥነት እንደገና ለሁለት ትከፈላለች። ስለዚህ ኬብል ማስዘርጋትዎ ትክክል ነው። የተሳሳተው የአሰካኩ ቅደም ተከተል ነው።

ዋናው መሣሪያ ራሱን የቻለ ራውተር ነው፤ ለመሣሪያዎች የኔትወርክ አድራሻ እያደለ የራሱን ኔትወርክ ይመራል። እንደ ግቢ በር ይቁጠሩት፤ ቤተሰቤ ብሎ የሚያውቀው ከበሩ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የእርስዎ ስዊች የሚመገበው ከሞደሙ ስለሆነ ከበሩ ውጭ ቀርቷል። ቅርንጫፎቹ በኬብሉ በኩል ሲፈልጉ የሚያገኙት የሞደሙን ኔትወርክ እንጂ ዋናውን አይደለም፤ ስለዚህ ወደሚያውቁት መንገድ፣ ወደ አየሩ ይመለሳሉ። ፕሪንተሩም የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እሱ ውጭ፣ ሠራተኞቹ ውስጥ ናቸው።

ማስተካከያው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከሞደሙ የሚወጣውን ኬብል ዋናው መሣሪያ ላይ ዋን በሚባለው የኢንተርኔት መግቢያ ይሰኩት። ከዚያው መሣሪያ ላን ከሚባለው ቀዳዳ ሌላ ኬብል ወደ ስዊቹ ይውሰዱ። ቅርንጫፎቹ፣ ፕሪንተሩ፣ የካሜራ መቅጃው፣ ሁሉም ከስዊቹ ላይ ይሁኑ። አሁን ልብ ይበሉ፤ ከሞደሙ ወደ ስዊቹ በቀጥታ የሚሄደው የድሮው ኬብል መነቀል አለበት። ብዙዎች «ምን ይጎዳል» ብለው ይተዉታል። ከቀረ በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ራውተሮች ይኖራሉ፤ አንዱ እንግዳ ከሞደሙ፣ ሌላው ከዋናው አድራሻ ይቀበላል፣ ፕሪንተሩ ለአንዱ ይታያል ለሌላው ይሰወራል። እንዲህ ያለው ብልሽት አንዴ እየታየ አንዴ ስለሚጠፋ ባለሙያ ሳይቀር ያደክማል። ሁሉንም ከሰኩ በኋላ ሞደሙን፣ ቀጥሎ ዋናውን፣ ከዚያ ቅርንጫፎቹን በየተራ አጥፍተው ያብሩ። መተግበሪያው ላይ «በኬብል» የሚል ካልመጣ፣ በአንዳንድ ምርቶች በኬብል መገናኘትን ከቅንብሩ ውስጥ ማብራት እንደሚያስፈልግ አይርሱ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሜሹን ከራውተርነት አውጥቶ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ አሰራጭ ብቻ ማድረግ። ያኔ አድራሻ የሚያድለው ሞደሙ ስለሚሆን ስዊቹ አሁን ባለበት ቢቆይም ይሠራል። ለመኖሪያ ቤት ቢሆን ይህን እመርጥ ነበር። ለእንግዳ ማረፊያ ግን አልመክርም፤ በብዙ ምርቶች እንግዳን ከውስጥ ኔትወርክ የሚለየው ቅንብር በዚህ አሠራር ወይ ይጠፋል ወይ ይዳከማል። ለአንድ ሌሊት ያረፈ ሰው የካሜራ መቅጃዎን ማየት የለበትም። ራውተርነቱን ይተዉለትና የእንግዳ ዋይፋዩን በተለየ ስምና የይለፍ ቃል ይክፈቱ።

በዚህ አሠራር ሁለት ራውተሮች ተከታትለው ይቆማሉ፤ ለተራ አጠቃቀም ጉዳት የለውም። ካሜራውን ከውጭ በቀጥታ ለመክፈት ካስቸገረ አገልግሎት ሰጪዎ ሞደሙን ወደ ብሪጅ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት አሠራር) እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ፤ ያኔ የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ዋናው መሣሪያ ላይ ማስገባት ሊኖርብዎ ስለሚችል አስቀድመው ይያዙት። የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ ግን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ስልኮች እሱ ላይ ተጣብቀው ፎቅ ድረስ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ 94። ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ብዙ ሳይመራመር ወደ ኬብሉ ጫፍ ይሄዳል። የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ለራሱ የሚወስደው ሲቀነስ የሚተርፈው ይኸው ነውና። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች፣ ማለትም አራት ጥንዶች አሉ። ለጊጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት ግን 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ላይ ያሉት አራቱ ይበቃሉ። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው ጥንድ አንዷ ሽቦ ጫፉ ላይ ባለው ሶኬት በደንብ ካልተነከሰች መስመሩ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ኬብል የዘረጋው ሰው ኢንተርኔት መምጣቱን ብቻ አይቶ ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውና መሣሪያው መካከል ያለችውን አጭር ኬብል ይለውጡ፤ አራት ሽቦ ብቻ ያላት አሮጌ ልትሆን ትችላለች። ፍጥነቱ ካልተለወጠ የግድግዳውን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው እንደገና ያስነክሱ። የቀለሙ ቅደም ተከተል ቲ568ቢ በሚባለው የአሰካክ ደረጃ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የጥንዶቹ ጥምዝምዝ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታ፤ የኬብሉ ልባስም ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ይያዝ፣ ሽቦዎቹ ብቻ ከያዙት ሲጎተት ይነቀላል። ጫፉን ሲቆርጡ አንዷን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ ያድርጓት። ውስጧ ነጭ ሆኖ ከታየ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው፤ ሲታጠፍ በቀላሉ ይሰበራል፣ በኬብሉ ኤሌክትሪክ ለሚቀበሉ ካሜራዎችም አይሆንም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ካገኙ ጫፍ እየቀያየሩ አይድከሙ፤ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ኬብል በዚያው ቱቦ ያሳልፉ። ቱቦው የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ከሆነ ግን ሌላ ቱቦ ይፈልጉለት፤ ሁለቱ አብረው ማለፍ የለባቸውም።

ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄደውን የመዳብ ኬብል አይሳቡ። ርቀቱ ከ100 ሜትር በታች ስለሆነ ይሠራል፣ ችግሩ መብረቅ ነው። በክረምት በአቅራቢያ የሚወድቅ መብረቅ ከቤት ውጭ በተዘረጋ መዳብ በኩል ስዊቹን፣ አልፎም ዋናውን ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር ይዘርጉና ከሁለቱም ጫፍ ፋይበሩን ወደ ተራ ኬብል የሚለውጥ መሣሪያ ያስቀምጡ። የሚገዙት ፋይበር በውስጡ የብረት ሽቦ የሌለው ይሁን፤ ካለው መብረቁ መንገድ አገኘ ማለት ነው።