የክፍያ ሞጁሉ ዳታቤዙ ዝግጁ ሳይሆን ሲነሳ

በኦኤስጂአይ (የጃቫ ፕሮግራምን በሞጁሎች ከፋፍሎ በሚያስኬደው ሥርዓት) ለዳታቤዙ ሞጁል የማስነሻ ደረጃ 20፣ ለክፍያው ደግሞ 30 ሰጥተውም (አነስተኛው ቁጥር ቀድሞ ይነሳል) ክፍያው አልፎ አልፎ የሚወድቅብዎት፣ ደረጃው የሚወስነው ሞጁሎቹ የሚነሱበትን ቅደም ተከተል እንጂ አገልግሎታቸው ዝግጁ የሚሆንበትን ጊዜ ስላልሆነ ነው። ዳታቤዙ «ተነሥቷል» ከተባለ በኋላም ግንኙነቱን ገና እየከፈተ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሮቹን መነካካት ይተዉና፦

1. ክፍያውን የዲክላሬቲቭ ሰርቪስ ኮምፖነንት (የሚፈልጋቸው አገልግሎቶች ሲሟሉ ሥርዓቱ ራሱ የሚያነቃው ክፍል) አድርገው የዳታቤዙን አገልግሎት በግዴታ ሪፈረንስነት ያስሩት፤ አገልግሎቱ እስኪመዘገብ ድረስ ሳይነቃ ይጠብቃል።
2. ዳታቤዙ አገልግሎቱን የሚያስመዘግበው ግንኙነቱ ከተሳካ በኋላ ብቻ ይሁን። ይህ ካልተስተካከለ የመጀመሪያው እርምጃ ከንቱ ነው።

ክብ ጥገኝነትን ግን ይጠንቀቁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የእህል መጋዘን በሠራሁት ሶፍትዌር የጤፍ ገቢ መመዝገቢያው የዋጋ ሞጁሉን፣ የዋጋ ሞጁሉም መመዝገቢያውን በግዴታ ይጠብቁ ስለነበር፣ መብራት ሄዶ በተመለሰበት ጠዋት ሁለቱም አንዲት የስህተት መልእክት እንኳ ሳያወጡ ተኝተው ቀሩ፤ ገበሬዎቹም ጆንያቸውን ሚዛን አጠገብ ደርድረው እኔን ይጠብቁ ነበር። በኮንሶሉ የኮምፖነንቶቹን ዝርዝር ሳወጣ ሁለቱም «ሪፈረንስ አልተሟላም» በሚለው ሁኔታ ላይ ነበሩ። የዋጋ ሞጁሉ ወደ መመዝገቢያው ያለውን ሪፈረንስ አማራጭና ዳይናሚክ (መመዝገቢያው ሳይኖርም እንዲነቃ፣ በኋላ ሲመጣም እንዲያያዝ) ሳደርገው ሁለቱም ነቁ።