ቻቱቻክ ገበያ፦ ግማሽ ቀን ይበቃል ወይ?

ሰላም እህቴ። ባንኮክ የምትቆዪው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ የቅዳሜና እሁዱን የቻቱቻክ ገበያ በግማሽ ቀን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። ግን ሁሉንም አያለሁ ብለሽ እንዳትነሺ፤ ከ15,000 በላይ ሱቅ ነው ያለው። እኔ ሞክሬው እግሬ አብጦ ነው ሆቴል የገባሁት።

ብዙ ሰው ከላይ በድልድይ በሚሄደው ባቡር መጥቶ ሞ ቺት ጣቢያ ይወርዳል። አንቺ በምድር ውስጡ ባቡር ሄደሽ ካምፌንግ ፔት ጣቢያ ውረጂ፤ መውጫው በቀጥታ ገበያው ላይ ይጥልሻል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድረሺ። ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱም ግፊያውም አይቻልም።

ገበያው በ27 ክፍል ተከፍሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቢሆንም መርካቶ ያደገ ሰው እንኳ ይጠፋል። ከጓደኛሽ ጋር ከተጠፋፋችሁ መሃል ላይ የሰዓት ማማ አለ፤ እዚያ ተገናኙ። የወደድሽውን ዕቃ ደግሞ «ዞሬ እመለሳለሁ» ብለሽ አትለፊው። ሱቁን መልሰሽ አታገኚውማ! ቢያንስ ቁጥሩን ፎቶ አንሺ።

ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል፤ በተለይ ሁለት ሦስት ስትገዢ። ግን ፈገግ እያልሽ ጠይቂ፣ እንደኛ አገር ሙግት አያስፈልግም። ዝርዝር ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ያዢ። በኮኮናት ቅርፊት የሚያቀርቡትን አይስክሬም ሳትቀምሺ እንዳትወጪ።

ለንግድ በጅምላ ልብስ ከሆነ የፈለግሽው ግን ፕራቱናም የሚባለው ሌላው የባንኮክ ገበያ ይሻልሻል።