ካቻቢቴ የሚፈታው ብቻ ቨርኒሽ ይቀባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ካታሊና 22 የምትባል ያገለገለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ገዝተሃል። ጣሪያዋ ላይ ያሉት ቲክ ከሚባለው ዘይታማ ጠንካራ እንጨት የተሠሩ የእጅ መያዣዎች ግራጫ ሆነዋል፣ የመሪው እጀታ ቨርኒሹ ተልጦ ጠቁሯል። «ዘይት ልቀባ፣ ቨርኒሽ ልቀባ ወይስ ልተወው?» ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ሲያትል ነኝ፣ እንዳንተው ዓይነት ጀልባ ላይ ስድስት በጋ ተንበርክኬያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻለኝ።

መጀመሪያ አትደንግጥ። ቲክ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የሚሸብተው ላዩ ብቻ ነው። በቢላ ጫፍ ጫን በለው፤ ካልሰመጠ አልበሰበሰም።

የኔን ጥፋት ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት በግፊት ውሃ የሚረጭ ማጠቢያ ተውሼ ለቀቅኩበት። በአስር ደቂቃ ወርቅ መሰለ! ሲደርቅ ግን እንደታረሰ ማሳ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ለካ ግፊቱ ለስላሳውን በልቶ ጠንካራውን መስመር ብቻ ነው ያስቀረው። ያንን ስፈገፍግ ሁለት ቅዳሜ አለቀ፣ እንጨቱም ቀጠነ። አንተ ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ይዘህ፣ የእንጨቱን መስመር ሳትከተል አግድም እሸው። ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ያነሳዋል፤ ጓንትና መነጽር አድርግ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቀው። የብረት ሱፍ ግን ጀልባዋ አጠገብ እንዳይደርስ። ብናኙ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል፣ ቡናማ ነጥብ ብቻ ይሆንብሃል።

ዘይት? በዚህ ከተማ ዝናብ አልመክርህም። በጥቂት ወራት ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይወደዋል። የግድ ከቀባህም የጠረግክበትን ጨርቅ ጠቅልለህ ቆሻሻ ውስጥ አትጣል፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ቨርኒሽ ላይ የኔ ሕግ አንድ ነው፦ በካቻቢቴ ተፈቶ ቤት የሚሄድ እንጨት ይቀባል፣ የማይሄደው ታጥቦ ራቁቱን ይቀመጣል። «መያዣዎቹም እኮ ይፈታሉ» ትለኝ ይሆናል። ይፈታሉ፤ ግን ብሎኖቹ ጣሪያውን በስተው ነው የሚያልፉት። መልሰህ ስትገጥም ቀዳዳውን በማሸጊያ በደንብ ካልሞላኸው ዝናቡ ፍራሽህ ላይ ይንጠባጠባል። እስካሁን ካላፈሰሰ አትነካካው። ግራጫ ቲክ ያስቀይማል የሚል ካለ እሱ ይቀባው።

የመሪው እጀታ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ቀይና ነጭ እንጨት ተጣብቆ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ቲክ ራቁቱን አይችልም። ፍታውና ጋራዥ አስገባው። የቀረውን ቨርኒሽ በመፋቂያ አንሳ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው፦ ቁጥር 80፣ 120፣ 180። አፍንጫህን ሸፍን። ቨርኒሹ ለጀልባ የተሠራ፣ ፀሐይ የሚቋቋም ይሁን፤ የሳሎን ጠረጴዛ የሚቀባው ውጭ ሲውል ይሰነጣጠቃል። የመጀመሪያውን እጅ ጣሳው ላይ በተጻፈው ቲነር ግማሽ በግማሽ አቅጥነው፣ እንጨቱ እንዲጠጣው። ሁለተኛው ላይ ቲነሩ ሩብ ያህል ይበቃል፣ ከዚያ እየቀነስክ ትሄዳለህ። ከስድስት እጅ በታች አትቁም። በየመሃሉ በ220 ቀለል አድርገህ አሸው፣ ብናኙን ጥረግ። ጣሳውን አትነቅንቅ፣ አረፋ ይሠራል። የመግቢያው መዝጊያ ጣውላዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቲክ ከሆኑ ግን ከመጀመሪያው እጅ በፊት በአሴቶን ጥረጋቸው፣ የራሳቸው ዘይት ቨርኒሹን አላስይዝ ይላል።

ለምን ቤት? አንዴ ወደቡ ላይ አመሻሽቼ ቀባሁ። ጠዋት ስመጣ ጤዛ ወርዶበት ያ ሁሉ ማብረቅረቅ ወተት መስሏል። እንደገና ማሸት። የጣና ሰዎች ተገላገሉ፤ የደንገል ታንኳቸው ውሃ ሲጠግብ አዲስ ማሰር ነው።

እጀታውን ስትጨርስ ልብስ አልብሰው። የኔን ከአሮጌ ጂንስ እግር ነው የሰፋሁት። ፀሐይ ስለማያገኘው በየፀደዩ አንድ እጅ ብቻ እጨምርበታለሁ። ባለቤቴ «ሱሪ የለበሰ ዱላ» ትለዋለች።